ተራ ያለው ቡድን

ይድረስ ለውድ አንባቢ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ ሆሳዕና፣ ስለ ዱራሜ፣ ስለ ሾኔና ስለ ሺንሽቾ ሴት ነጋዴዎች ነው። ከመካከላቸው አንዷን ሳያውቋት አይቀሩም። አዲስ አበባ ተቀምጠው በቴሌግራም ቡላ አዝዘዋት ይሆናል፤ ወይም በቲክቶክ አታካና የተባለውን ገንፎ ስታገነፋ አይተው፣ ወዝ ያለው ቅቤ ሲንሳፈፍበት ተመልክተው፣ «እንዴት ያምራል!» ብለው አልፈዋት ይሆናል። ስልኩ ላይ የሚታዩት እሷና ዕቃዋ ብቻ ስለሆኑ ሥራውንም ብቻዋን የምትወጣው ይመስላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ያ ቡላ እርስዎ ቤት እስኪደርስ ብዙ ሴቶች ደክመውበታል፤ አንዷ ፍቃ፣ አንዷ አሰባስባ፣ አንዷ አሽጋ፣ አንዷ መናኸሪያ ድረስ ተሸክማ፣ አንዷ ደግሞ ለሻጯ ዋስ ሆና። የምጽፍልዎ ስለነዚህ ስለማይታዩት ነው።

ሴት ነጋዴና ማኅበራዊ ሚዲያ ሲነሱ በየሥልጠናው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ ገጽ ክፈቺ፣ ፎቶሽን አሳምሪ፣ ተከታይ አብዢ። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። የተከታይ ብዛት ለቦሌ ቡቲክ ይበጅ ይሆናል። በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ሴቶችን ሲደግፍ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሠላሳ አርባ ሴቶች ያሉበት፣ አባላቱ በመልክ የሚተዋወቁበት፣ አንዷ ለሌላዋ ግዴታ የገባችበት ትንሽ የቴሌግራም ቡድን ነው። ሐሳቡ ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። እናቶቻችን ኖረውበታል።

ዊጆን ያውቃሉ? ካላወቁ ላስረዳዎ። በሀዲያ፣ በስልጤ፣ በጉራጌ ገጠር አንዲት ላም ያላት ሴት የአንድ ቀን ወተቷ ለመናጥ አይበቃም። ብትንጠውም የምታገኘው ቅቤ ለራስ ቅባት ቢሆን እንጂ ለገበያ አይሆንም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ይሰባሰቡና ወተታቸውን ወይም ቅቤያቸውን በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። ዛሬ የእሷ ተራ ከሆነ የሁሉም ወተት ወደ እሷ መናጫ ይገባል፤ ነገ ተራው ለሌላዋ ያልፋል። የተሰጠ ሁሉ በልክ ይሰጣል፣ በልክም ይመለሳል። በዚህ መንገድ ለብቻዋ ጭብጥ የማትሞላ ሴት ገበያ የሚወጣ ቅቤ ይኖራታል። ለመስቀል ወንዶቹ ለበሬ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ሴቶቹ ቅቤ የሚያጠራቅሙት በዚህ ዓይነት መተጋገዝ ነው። ዊጆ ውስጥ ማንም እንግዳ ዝም ብሎ አይገባም። እያንዳንዷን የምታስገባት ሴት አለች፤ የገባችው ብታጎድል የምታፍረው አስገቢዋም ናት።

አሁን ደግሞ ወደ ስልኩ እንምጣ። ሆሳዕና ውስጥ አብዛኞቹ ቡድኖች የተመሠረቱት ቀድሞ በተዋወቁ ሴቶች ነው። መነሻቸው የቃለ ሕይወት ወይም የመካነ ኢየሱስ የሴቶች ኅብረት ይሆናል፤ ወይም አንድ እድር፣ አንድ እቁብ፣ አንድ የትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቻቸውን ሲጠብቁ የተግባቡ እናቶች። ከዚያ የሾኔ እህት ትጨመራለች፣ የሆመቾ አማች ትጨመራለች፣ ከዱራሜ ቡና የምታመጣ ትጨመራለች። ቡድኑ የሚነቃው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ልጆች ከተኙ፣ የእራት ዕቃም ከታጠበ በኋላ። የሚጻፈው ጥቂት ነው። አብዛኛው ድምፅ ነው፤ ጽሕፈት የማይቀናት ሴት በሀዲይሳ ወይም በከምባቲሳ ተናግራ ትልካለች። ከንግግሯ ጀርባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል።

አንዱን ምሽት ላሳይዎ። አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ የ20 ኪሎ ቡላ ትእዛዝ መጥቶላታል። እጇ ላይ ያለው 7 ኪሎ ነው። ቀድሞ ቢሆን «የለኝም» ብላ ደንበኛዋን ትሸኛለች፤ ወይም ገበያ ወጥታ ከማታውቀው ሰው ገዝታ የማታውቀውን ቡላ በራሷ ስም ትልካለች። አሁን ግን ለቡድኑ ድምፅ ላከች፤ «እህቶቼ፣ 13 ኪሎ ይጎድለኛል። ነጭ፣ ውኃው በደንብ የጠለለ ቡላ ያላችሁ?» ከሾኔ አንዷ 5 ኪሎ አላት። ከሆመቾ ሌላዋ 8 ኪሎ ነበራት፤ ነገር ግን «የዚህ ሳምንት ተራ የእኔ አይደለም፣ የአቤል እናት ነው። እሷ ካላት ከእሷ ውሰጂ» አለች። የአቤል እናት 8ቱን ሞላች። ዋጋው ለሁሉም እኩል ነው፤ ትእዛዙን ያመጣችው የማሸጊያና የመጫኛ ወጪዋን ቀንሳ ድርሻቸውን በማግሥቱ በቴሌብር ታስተላልፋለች። ጠዋት ላይ ዕቃው ተጭኖ ሲያልቅ የመኪናው ታርጋና የረዳቱ ስልክ ቡድኑ ላይ ይለጠፋል። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ሁሉም ያውቃል።

የሆመቾዋን ሴት ልብ ይበሉልኝ። መሸጥ እየቻለች አሳለፈች። ይህን ያደረገችው ደግ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተራዋ ሲደርስ እንደማይዘለል ስለምታውቅ ነው። ስለ ሴቶች መረዳዳት ሲወራ ነገሩ ሁሉ የልብ መራራት ይመስላል፤ የልብ መራራት ደግሞ ሲከፋው ይቀራል። ተራ ግን አይቀርም።

ቅቤው ላይ ያለው ሥርዓት የበለጠ ያስደንቀኛል። ሙዝና የአትክልት ቅባት እየቀላቀሉ የሚሸጡ ሰዎች ከበዙ ወዲህ ገዢ ቅቤን በፎቶ አያምንም፤ ማመንም የለበትም። እኔ በማውቀው አንድ ቡድን ውስጥ ሻጯ የራሷን ቅቤ ራሷ አትመሰክርለትም። ሌላ አባል ቤቷ ትመጣለች፤ በኮባ ከተጠቀለለው ከላይም ከመካከልም በማንኪያ ቆንጥራ እሳት ላይ ትጥለዋለች፤ ሲቀልጥ፣ አረፋው ሲወርድ፣ ሥሩ ሲጠራ በስልክ ትቀርጸዋለች። ያ ቪዲዮ ለገዢው ይላካል። ቅቤው ደርሶ ቅሬታ ቢመጣ ሻጯና ምስክሯ እኩል ይከፍላሉ። ገዢው የሚያምነው ሻጯን አይደለም፤ ሁለት ሴቶች ለአንድ ቅቤ ገንዘባቸውን ማስያዛቸውን ነው። የትኛውም ያማረ ገጽ ይህን ያህል መተማመን አያመጣም።

በዚህ አካባቢ ሴቶች አንድ ላይ ሲቆሙ ምን እንደሚሆን ስናነሳ ቦጋለች ገብሬን ሳናስታውስ ማለፍ አይቻልም። የከምባታ ገጠር ልጅ ናት። ውጭ አገር ተምራ ተመለሰችና እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ገብሬ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። ስለ ኤችአይቪ ልትናገር ስትመጣ ነዋሪው ያስቀደመው ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሰው ገበያ የሚሻገርበት። እሷም መጀመሪያ ድልድዩ እንዲሠራ አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ሰሟት። የሴት ልጅ ግርዛትን ስትታገል አንዲትን ልጅ ለብቻዋ «እምቢ በይ» ብላ ከመንደር ጋር አላጋጠመቻትም። ያልተገረዙ ልጃገረዶች በቡድን እንዲደራጁ፣ ሊያገቧቸው የፈቀዱ ወጣቶችም በአደባባይ እንዲቆሙ አደረገች። ሠርጉ ሰው በተሰበሰበበት ሆነ፤ ሙሽራይቱም ያልተገረዘች መሆኗን በግልጽ አወጀች። ለዚህ ሥራዋ የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦዱዌን ሽልማት ተቀብላለች። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አረፈች።

ይህን የማነሳው ለማወደስ ብቻ አይደለም። ብቻዋን «እምቢ» የምትል ሴት ትሰበራለች፤ አርባ ሆነው «እምቢ» ሲሉ ግን ባህሉ ራሱ ይለወጣል። ቡድኖቹ ተስማምተው የሚያወጡት የመነሻ ዋጋም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። አንዲት ሴት ለብቻዋ ቡላዋን «ከዚህ በታች አልሸጥም» ብትል ነጋዴው ትቷት ወደ ጎረቤቷ ይሄዳል። ማታውኑ ሁሉም ዋጋውን ከሰሙና ከተስማሙ ግን የሚሄድበት ጎረቤት የለውም። ለዚህ ስማርት ስልክ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል፤ ሾኔ ላይ የተወራው ዋጋ ሆሳዕና ለመድረስ የገበያ ቀን አይጠብቅም።

ቡድኑ ለሴት በቤቷም የሚሰጣትን አቅም እንዲያዩ ስለ ደቡብ አፍሪካ ልንገርዎ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ ወጣት ወንዶች ወደዚያ መፍለስ ከጀመሩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። በየከተማው የሚታየው ፎቅ፣ ባጃጅና ሱቅ ብዙው በዚያ ገንዘብ የተሠራ ነው። ቤቱን የምትመራው ግን የቀረችው ሚስት፣ እህት ወይም እናት ናት። ከጆሃንስበርግ ብር ሲመጣ በኢሞ ትእዛዝም አብሮ ይመጣል፤ «መሬት ግዢበት፣ ቤት አስጀምሪበት» ይላል። በቡድን ያለች ሴት ግን የምታቀርበው ሐሳብ አላት። «ከዚህ ላይ ይህን ያህሉ በበርበሬ ወቅት ለንግድ ይዋልልኝ፣ እንትና አምና እንዲህ ሠርታ አይቻለሁ» ትላለች። ባል በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ሚስቱን የሚሰማት ማስረጃ ስታቀርብ ነው፤ ቡድኑ ማስረጃዋ ይሆናል።

በዚያው ስልክ የስደት ደላላውም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ላይ በማላዊ ምዚምባ ከጅምላ መቃብር፣ ከዚያም በዛምቢያ ሉሳካ አቅራቢያ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ናቸው የተባሉ አስከሬኖች ሲገኙ በሀዲያና በከምባታ ስንት ቤት በድንጋጤ ስልኩን አንስቶ ልጁን እንደፈለገ እናስታውሳለን። ደላላ ለወጣቱ ቪዲዮ ይልካል፤ ሱቅ፣ መኪና፣ የተደረደረ ብር። ለወጣቷ ደግሞ የአረብ አገሩን መንገድ ያሳያታል። የሴቶቹ ቡድን ለአንዲት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ቤት ለተቀመጠች ልጅ የመጀመሪያ ትእዛዟን ሲያስረክባት፣ «ይህን አሽጊ፣ ይህን መዝግቢ፣ ድርሻሽ ይህ ነው» ሲላት አይቻለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ነገር ግን እዚሁ ሆሳዕና ውስጥ ስሟ ተጠርቶ የተሰጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው። በእኔ ግምት ከደላላው ጋር በሚደረገው ክርክር የምንሸነፈውም የምንረታውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርዎ።

ቡላውን የምትፍቀው ሴት ብዙ ጊዜ ከቡድኑ ውጭ ናት። የእንሰት ሥራን በቅርብ አይተው ያውቃሉ? ሴትዮዋ መሬት ላይ ትቀመጣለች፤ የእንሰቱን ግንድ ልጥ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ በአንድ እግሯ ደግፋ ትይዘዋለች፤ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ሥጋው ወርዶ ቃጫው ይቀራል። ከተፋቀው ተጨምቆ የወጣው ፈሳሽ ሲረጋ ነጩ ቡላ ከሥር ይዘቅጣል፤ የቀረው ጉድጓድ ገብቶ ቆጮ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ወገብ ጎንበስ፣ እግር ሽቅብ ነው። ይህን ሁሉ የሠራችው የጃጁራ ወይም የአንጋጫ ገጠር ሴት እጇ ላይ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱም ካለ። የከተማዋ ሴት በቴሌግራም ስንት እንደሸጠች አታውቅም። እንዲህ ከሆነ የገበያውን ደላላ አስወጥተን በቦታው ሌላ ደላላ፣ ነጠላ የለበሰ ደላላ አስገባን ማለት ነው። ይህን ለቡድኖቹ ራሳቸው በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ እዚህም እደግመዋለሁ። መልካም የሠሩ አሉ። በየቀበሌው አንዲት ስማርት ስልክ ያላት አባል ይዘው፣ ለአምስት ለስድስት የገጠር ሴት የዕለቱን ዋጋ በቃል እንድትነግር፣ ክፍያውንም ፊት ለፊት ቆጥራ እንድታስረክብ አድርገዋል። ሁሉም ቡድን እንዲህ ማድረግ አለበት።

ሌላው ሲም ካርድ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ትንሽ ግን አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለውን ብድርና «ሳንዱቅ» የተባለውን ቁጠባ አስጀመረ። ብድሩ የቤት ካርታ አይጠይቅም፤ የሚያየው በዚያ ቁጥር ምን ያህል ብር እንደተንቀሳቀሰ ነው። ካርታው በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ሆኖ በራሷ ስም ምንም ለሌላት ሴት ይህ ትልቅ በር ነው። ታዲያ ስንቷ ሴት የምትሸጥበት ሲም በባሏ ስም የወጣ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርታ ያጠራቀመችው ታሪክ የእሷ ሳይሆን የእሱ ታሪክ ይሆናል። ቢጣሉ፣ ቢለያዩ፣ እሱ ቁጥሩን ቢያዘጋው፣ ደንበኞቿም፣ ቡድኗም፣ የብድር መብቷም አብረው ይሄዳሉ። ፋይዳ መታወቂያ አውጥቶ ሲሙን በራስ ስም ማስመዝገብ ግን ይቻላል። ይህን የሚያነቡት ባል ከሆኑ ዛሬውኑ ሚስትዎን ይዘው ይሂዱና ያስመዝግቡላት።

ቡድን ሲበላሽም አይቻለሁ፤ የሚበላሸውም በአንድ መንገድ ነው። በሥራው የታወቀ ቡድን «እንብዛ» ይልና በሩን ይከፍታል። አርባ የነበረው ሦስት መቶ፣ ከዚያ ሁለት ሺህ ይሆናል። ተራ ይቀራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለጥፋል። «በሳምንት ብርዎን እጥፍ እናደርጋለን» የሚሉ ይገባሉ። ሐሰተኛ የክፍያ ደረሰኝ በስክሪንሾት የሚልክ ገዢ ይመጣል፤ ዕቃ ይወስዳል፤ ማንም ለማንም ዋስ ስላልሆነ ማንም አይጠይቀውም። የቀድሞዎቹ አርባ ሴቶች አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። ቡድኑ ስሙ አለ፣ ሥራው የለም። ስለዚህ ቡድኑ ሲሞላ ሌላ ቡድን ይውለድ እንጂ አይፋፋ። እድራችንን አገር ምድሩ ይግባበት አላልንም፤ ቡድኑን ለምን እንላለን?

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቢሮው በዝቷል፤ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው። ለሴቶች የሚዘጋጀው ሥልጠና እንደሚበዛ እጠብቃለሁ። ለሚያዘጋጁት አንድ ቃል አለኝ። ሴቶቹን ፎቶ ማንሣት ከማስተማራችሁ በፊት ቡላቸውን የሚያደርቁበት ንጹሕ ቦታ፣ ቅቤያቸውን የሚያስመረምሩበት ላቦራቶሪ፣ ስማርት ስልክ በረጅም ጊዜ ክፍያ የሚያገኙበት ብድር አመቻቹላቸው። እርስ በርስ መተማመኑን እነሱ ያውቁበታል።

ለእርስዎ ለውድ አንባቢ ደግሞ ልመናዬ ይህ ነው። ከአንዷ ዋጋ ጠይቀው «እንትና ከዚህ ባነሰ ሰጠችኝ» እያሉ እህትማማቾቹን አያጫርቱ፤ ያንን መልእክት እዚያው ማታ ሁሉም ይሰሙታል፣ የሚያዝኑትም በአንድነት ነው። ዕቃው ሲደርስዎ ደርሷል ብለው ይጻፉ፤ አንድ ቃል ብቻ ናት፣ ዋሷን ከጭንቀት ታሳርፋታለች። የመስቀል ቅቤና ቡላ ከፈለጉ ለመስከረም አጋማሽ አያቆዩት። በሐምሌ ይዘዙ፣ ግማሹንም ቀድመው በራሷ ስም ወደተመዘገበ ቁጥር ይክፈሉ። ያ ቀብድ ቢያንስ የአንድ ዙር ማሰባሰቢያ ይሆናቸዋል፤ አራጣ አበዳሪ ደጅ ከመሄድም ያድናቸዋል።

አክባሪዎ፤
ከሆሳዕና